ዘፈንና ደጅ ጥናት፤ የመግቢያ ቲኬት ፍትሕ ከሞጣና ከቢቸና ሲታይ

በጥንቱ ሥርዓታችን ደጅ የሚጠናው ዘፋኙ እንጂ አድማጩ አልነበረም። ሌሊቱ ሊነጋ ሲል የላሊበላዎች ዜማ ከአጥር ውጭ ይሰማል። ባልና ሚስት እየተቀባበሉ ያዜማሉ፤ የቤቱን ጌታ ስም ቀደም ብለው ከጎረቤት ጠይቀው ስለሚያውቁት በስሙ እየጠሩ ያወድሱታል። የቤቱ ሰው በመኝታው እንዳለ ሰምቶ ሲያበቃ እህልም ሆነ ሳንቲም ይልካል፤ ምርቃቱን ተቀብሎም ቀኑን ይጀምራል። በዚህ አኳኋን ሙዚቃ ወደ ሰው ቤት ይሄድ ነበር። ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። ታላቅ የሙዚቃ ዝግጅት በተሰናዳ ቁጥር አድማጩ በመሸጫው መስኮት ፊት ተሰልፎ፣ ከዚያም ወዲህ በስልኩ መስተዋት ላይ አፍጥጦ፣ ደጅ ይጠናል። ከተሰለፈው መካከል ማን ይግባ፣ ማን ይመለስ የሚለው ጥያቄም በአገራችንም ሆነ በውጭው ዓለም ብዙ ክርክር ያስነሣ ጥያቄ ሆኗል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ደጁ እንዴት እንደ ተገለበጠ በአጭሩ ማሳየትና ቲኬት ፍትሐዊ የሚሆነው ምን ሲሟላ እንደሆነ መመርመር ነው። ጉዳዩን ከሞጣና ከቢቸና ለማየት የመረጥሁት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ከደጀን ተነሥቶ ባሕር ዳር በሚያደርሰው መንገድ ላይ የተቀመጡት እነዚህ ሁለት የምሥራቅ ጎጃም ከተሞች፣ በቀድሞው አከፋፈል የየራሳቸው አውራጃ ዋና ከተሞች የነበሩ ቢሆኑም፣ ታላላቅ ዝግጅቶች ከሚታዩባቸው አዳራሾችና ስታዲየሞች የራቁ ናቸው። ሁለተኛ፣ የዚህ አገር ሰው ለቃልና ለዜማ ባይተዋር አይደለም። በቢቸና አቅራቢያ የሚገኘው ዲማ ጊዮርጊስ በቅኔ ትምህርት ከሚታወቁት ደብሮች አንዱ ነው። ጆሮው የሠለጠነ፣ ደጁ ግን የራቀበት አድማጭ፣ ስለ ቲኬት ፍትሕ ለመመስከር ከማንም ይልቅ ይበቃል።

ከአዝማሪው እንጀምር። በሠርግ ዳስም ሆነ በጠጅ ቤት አዝማሪው መሰንቆውን እየገዘገዘ ሲያዜም፣ ደስ ያለው አድማጭ ተነሥቶ ገንዘብ በግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል። ገንዘብ የሌለው ደግሞ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጠዋል፤ አዝማሪውም ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል። እንግዲህ በዚህ ሥርዓት ክፍያው የሚፈጸመው ከማዳመጥ በኋላ ነው፤ መጠኑን የሚወስነው ከፋዩ ነው፤ መገበያያውም ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ቃልም ጭምር ነው። ኪሱ ባዶ የሆነ የቅኔ ተማሪ በሁለት ስንኝ ከባለጸጋው እኩል የሚከበርበት ቤት ነበር።

ይሁን እንጂ ያለፈውን ሁሉ ማሞገስ የታሪክ ጸሐፊ ሥራ አይደለም። ለአድማጩ የተመቸው ይህ ሥርዓት ለአዝማሪው የመረረ ነበር። የተቆረጠ ደመወዝ አልነበረውም፤ «አዝማሪ» የሚለው የሙያ ስም ራሱ እንደ ስድብ ይቆጠር ነበር፤ ብዙ የለጠፈ ጌታ ብዙ ውዳሴ ስለሚገዛም ዜማው ሳይወድ በግድ ወደ ባለ ገንዘቡ ያዘነብል ነበር። ክፍት ደጅ ሁሉ ፍትሐዊ ደጅ አይደለም።

ከአዝማሪው ጠጅ ቤት ወደ ቤተ መንግሥቱ የግብር አዳራሽ ስንሻገር ሌላ ደጅ እናገኛለን። በግብር ቀን ዘፈኑም ምግቡም በነጻ ነበር፤ ይሁንና በደጁ ላይ አጋፋሪ ነበረ። አጋፋሪው የእያንዳንዱን ሰው ማዕረግ ያውቃል፤ መኳንንቱን አስቀድሞ ያስገባል፤ ከዚያም በየደረጃው ሌላውን ያስከትላል። ንጉሠ ነገሥቱ ሲመገቡ መጋረጃ ይጋረዳል፤ መጋረጃው ሲገለጥ ቀጣዩ ተራ ይጠራል። ድኻው በመጨረሻ፣ ሥጋው ካለቀና የአዝማሪውም ጉሮሮ ከሻከረ በኋላ ቢገባ እንኳ እንደ ቸርነት ይቆጠርለት ነበር። ልብ እንበል፤ በዚህ አዳራሽ ገንዘብ አልተጠየቀም። ሰውን በደጅ የሚያስቀረው የዋጋ ውድነት ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም። በነጻ የሚሰጥ ነገርም ዘበኛ አለው፤ ዘበኛውም የሚያውቀው ሰው አለው።

ዘመናዊው ቴያትርም በአገራችን ሲጀመር በዚሁ በአጋፋሪው ደጅ ነው የገባው። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዘመነ መንግሥት የደረሱት «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የታየው በመኳንንትና በውጭ አገር እንግዶች ፊት ነበር። ተመልካቾቹ ጥቂቶች ቢሆኑም ተውኔቱ ሹማምንቱን የሚተች ሆኖ ስለ ተገኘ ታገደ። በ1927 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣልያ ወረራ በተቃረበ ጊዜ በመኮንን ሀብተ ወልድ መሪነት የተቋቋመው የሀገር ፍቅር ማኅበር ግን ሕዝቡን በንግግርና በዘፈን ለመቀስቀስ ስለ ተነሣ፣ ደጁን ለብዙኃኑ መክፈት የህልውናው ጉዳይ ነበር። በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴያትር፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴያትር የምንለው፣ ተመርቆ ሲከፈት ደግሞ የመሸጫ መስኮት፣ ቁጥር ያለው ወንበርና የተቆረጠ ዋጋ የከተማው ኑሮ አካል ሆኑ።

ስለዚህ ቲኬት በአገራችን ሲወለድ ፍትሕን ይዞ ነው የተወለደው። ቲኬት ስም አይጠይቅም፤ የአባትን ርስት አይጠይቅም፤ ካባ ለባሹንና ቁምጣ ለባሹን በአንድ ወረቀት ያስገባል። የባላባት ብርና የሎሌ ብር በመስኮቱ ላይ እኩል ብር ነው። ለአዝማሪውም ቢሆን በግንባሩ የሚለጠፈውን ሽልማት በተቆረጠ ደመወዝ የመለወጥ ተስፋ ሰጥቶታል። ቲኬት አጋፋሪን ከሥራ ያሰናበተ ወረቀት ነው ማለት ይቻላል። ጥያቄው አጋፋሪው በእርግጥ ሄዷል ወይስ በመስኮቱ በስተጀርባ ተቀምጧል የሚለው ነው።

ለዚህ ጥያቄ የራሴን ትዝታ ልጥቀስ። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ የኪነት ቡድኖች ከቀበሌ እስከ ክፍለ ሀገር ተቋቁመው እንደ ነበር የሚታወስ ነው። ወሎ ላሊበላን፣ ጎንደር ፋሲለደስን፣ ጎጃም ግሼ ዓባይን ይዘው በየከተማው ይዘዋወሩ ነበር። በ1970ዎቹ ማብቂያ ላይ፣ እኔ ገና ፊደል ቆጥሬ የጨረስሁ ሕፃን ሳለሁ፣ አንድ ቡድን ወደ ከተማችን መጣ። አባቴ እጄን ይዞ ገና ፀሐይ ሳትበረታ ከአዳራሹ ደጅ ወሰደኝ። መግቢያው ሃምሳ ሳንቲም ነበር። ከፊታችን የነበረው ሰው ብዛት ከሠላሳ አይበልጥም፤ አዳራሹም ብዙ መቶ ሰው የሚይዝ ነው። ተራችን ሲደርስ ሻጩ መስኮቱን እየዘጋ፣ «ጋሼ፣ አልቋል» አለ።

አባቴ አልተቆጣም። «ወንድሜ፣ አልቋል ካልህ አልቋል» አለው፤ «ግን ስንት ነበር?»

ሻጩ መልስ አልሰጠም። ምናልባት እሱም አያውቀው ይሆናል። የዚያን ቀን ማታ እኔና አባቴ ከሌሎች ብዙ ሰዎች ጋር የአዳራሹን ግድግዳ ተደግፈን ቆመን ከበሮውንና ክራሩን ሰማን። የሠፈር ልጆች ትከሻ ለትከሻ ተሸካክመው በመስኮት ያዩ ነበርና ከፊት ያሉት ሁለት ረድፍ ወንበሮች ባዶ መሆናቸውን ነገሩን። ለማን እንደ ተያዙ አልታወቀም፤ የተያዙላቸውም ሰዎች አልመጡም። አባቴ ወደ ቤት ስንመለስ ስለ ሃምሳ ሳንቲሙም ስለ ዘፈኑም ምንም አላለም። «ቁጥሩን ቢነግረን ኖሮ ቅር ባላለኝ» አለ እንጂ። ይህ ቃል ለብዙ ዓመታት ከኅሊናዬ አልጠፋም። ተውኔት ደራሲ ከሆንሁ በኋላ በየአዳራሹ የፊት ረድፍ ባዶ ወንበር ባየሁ ቁጥር ከግድግዳው ውጭ የቆመ አንድ ሰው ይታየኛል።

የአባቴ ጥያቄ የሞጣ ወይም የቢቸና ሰው ጥያቄ ብቻ አለመሆኑን የዓለም ታሪክ ይመሰክራል። በጥንቲቱ አቴና የዲዮኒሶስ በዓል ተውኔቶች መግቢያ ሁለት ኦቦል ነበር። ድኻው ዜጋ ከበዓሉ እንዳይቀር መንግሥት ቴዎሪኮን የሚባል የገንዘብ መዝገብ አቋቁሞ የመግቢያውን ዋጋ ያድል ነበር። እርግጥ ዕደላው ለዜጎች እንጂ ለባሮችና ለመጻተኞች አልነበረም። ይሁን እንጂ የሕዝብ በዓል በገንዘብ እጦት ምክንያት ለሕዝብ እንዳይዘጋ የማድረግ አሳብ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠረ መሆኑን እንረዳለን።

በለንደን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1808 የተቃጠለው የኮቨንት ጋርደን ቴያትር ታድሶ በመስከረም 1809 ሲከፈት፣ ባለቤቶቹ ለሕንፃው ያወጡትን ለመመለስ ዋጋ ጨመሩ። የመካከለኛው ወለል መግቢያ ከሦስት ሺሊንግ ተኩል ወደ አራት ሺሊንግ ከፍ አለ፤ ለመኳንንት የተከለሉ ልዩ ክፍሎችም በረከቱ። ተመልካቹ ከስልሳ በሚበልጡ ሌሊቶች እየተገኘ በጩኸት፣ በደወልና በጡሩምባ ተዋናዮቹ እንዳይደመጡ አደረገ። በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁ ጆን ኬምብል ይቅርታ ጠይቆ የመካከለኛውን ወለል ዋጋ ወደ ቀድሞው መለሰ፤ የተከለሉትም ክፍሎች ተቀነሱ። ሕዝቡን ያስቆጣው የግማሽ ሺሊንግ ጭማሪ ብቻ ሳይሆን ወንበሩ ከእሱ ተወስዶ በመጋረጃ በስተጀርባ ለሌላ መሰጠቱ ጭምር ነበር።

ወደ ሙዚቃ በዓል ስንመጣ የጀርመኗ ባይሮይት ትልቅ ትምህርት ትሰጠናለች። ሪቻርድ ቫግነር በወጣትነቱ ሥራውን ለሕዝብ በነጻ ለማሳየት ያልም ነበር። በዓሉ እ.ኤ.አ. በ1876 ሲጀመር ግን ማሠሪያው የተፈለገው እያንዳንዱ ሦስት መቶ ታለር የሚያወጣ የደጋፊነት ወረቀት በመሸጥ ነው። ከዚያ ወዲህ በዓሉ እጅግ ከመወደዱ የተነሣ አንድ ተራ ሰው ወንበር ለማግኘት ዐሥር ዓመት ያህል መጠበቅ የተለመደ ሆኖ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 የፌዴራሉ የሒሳብ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት መዝገቡን ሲመረምር ለሕዝብ በግልጽ የሚሸጠው ከቲኬቱ አርባ በመቶ ያህሉ ብቻ መሆኑ ታወቀ። የቀረው ለማኅበራት፣ ለደጋፊዎችና ለመሳሰሉት የሚታደል ነበር። በዓሉ በከፊል በመንግሥት ገንዘብ የሚደገፍ በመሆኑ ወቀሳው ከባድ ሆነ፤ የዕደላውም ሥርዓት እንዲለወጥ ተደረገ። ዐሥር ዓመት በትዕግሥት የጠበቀው ሰው «አልቋል» ሲባል አምኖ ነበር። «ስንት ነበር?» ብሎ የጠየቀው የሒሳብ መርማሪ ነው።

የእንግሊዙ የግላስተንበሪ በዓል ታሪክ ደግሞ ከዚህ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ1970 ማይክል ኢቪስ የተባለ ገበሬ በእርሻው ላይ ሲጀምረው መግቢያው አንድ ፓውንድ ነበር፤ ለገባውም ሰው ከላሞቹ ወተት በነጻ ይሰጥ ነበር። የተገኘው ሰው አንድ ሺህ አምስት መቶ ያህል ነው። በ2000 ግን አጥር እየዘለለ የገባው ሕዝብ እጅግ ስለ በዛ በዓሉ በተከታዩ ዓመት ሳይደረግ ቀርቶ ብርቱ አጥር ተሠራለት። ከ2007 ጀምሮ ደግሞ ገዢው አስቀድሞ ፎቶግራፉን አስመዝግቦ ቲኬቱ በስሙና በመልኩ እንዲወጣለት ተደረገ፤ ስለሆነም ሌላ ሰው አትርፎ ሊሸጠው አይችልም። ይህ የአትራፊውን በር ዘግቷል። ሆኖም በኅዳር 2024 ለተከታዩ ዓመት የቀረበው ቲኬት በሠላሳ አምስት ደቂቃ ውስጥ አለቀ። ወረፋው ከአትራፊው ቢጸዳም የደጁን ጥበት አላሰፋውም።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው ቲኬትን ከፍትሕ የሚያርቁት ሦስት ነገሮች መሆናቸውን ነው። እነሱም የማይቻል ዋጋ፣ በመካከል ገብቶ የሚያተርፍ እጅና የተሸሸገ ቁጥር ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በግልጽ ስለሚታዩ ብዙ ይባልባቸዋል። እኔ ግን ሥሩ ሦስተኛው ነው እላለሁ። ቁጥሩ ከተሸሸገ ዋጋው ለምን እንደ ናረ አይታወቅም፤ አትራፊውም ከማን እንደ ገዛ አይጠየቅም። ባዶ ሆኖ የሚያመሸው ወንበርም የማን እንደሆነ ሳይታወቅ ይቀራል።

የሞጣና የቢቸና ሰው ይህን ከማንም ሳይማር ያውቀዋል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ በእነዚህ አውራጃዎችና በደብረ ማርቆስ ዙሪያ የተነሣው ብርቱ ተቃውሞ ይህን ያስረዳል። ገበሬው ግብር ከፍሎ የማያውቅ አልነበረም። ያስቆጣው መሬቱን የሚለካውና ምርቱን የሚገምተው እጅ፣ ርስቱንም ሊነካ ይችላል ተብሎ የተፈራው መዝገብ ነው። መንግሥት ጦር ቢያዘምትም በመጨረሻ ውዝፉን ለመተውና አገረ ገዢውን ለማንሣት ተገዷል። የርስት ጉዳይና የዘፈን ቲኬት በክብደት የሚወዳደሩ አይደሉም። ነገር ግን «ማን ቆጠረው? በምን ቆጠረው?» የሚለው ጥያቄ በሁለቱም ያው ነው።

መፍትሔውም ከባሕር ማዶ ብቻ የሚፈለግ አይደለም። ዕቁባችን ለዚህ አብነት ነው። በዕቁብ የአባላቱ ብዛት ይታወቃል፤ የገንዘቡ መጠን ይታወቃል፤ ዕጣው በሁሉ ፊት ይወጣል። ዕጣ ያልወጣለት ሰው ያዝናል እንጂ አያማም፤ ምክንያቱም ተራው እንደሚደርስ ያውቃል። ፈላጊው ከወንበሩ ሲበዛ ቀድሞ በደረሰ ወይም ብዙ በከፈለ ከማደል ይልቅ በዕጣ ማደል ለሩቅ አገር ሰው ይበጃል። ዕጣ ሌሊቱን ተሰልፎ የማደር ጉልበት፣ የከተማ ዘመድም አይፈልግምና።

ዘመናችን ደጁን በሁለት መንገድ ሞክሮታል። ጥር 29 ቀን 1997 ዓ.ም. የቦብ ማርሌ 60ኛ የልደት በዓል በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ ሲከበር መግቢያ አልተጠየቀበትም፤ አደባባዩም በሕዝብ ተጥለቀለቀ። ይህ እንደ ጥምቀትና እንደ ጊዮርጊስ ንግሥ ያለ፣ ደጅ የሌለው በዓል ነበር። በጥር 2010 ዓ.ም. ደግሞ ቴዎድሮስ ካሣሁን በባሕር ዳር ባቀረበው ዝግጅት ላይ እጅግ ብዙ ሰው ተገኝቷል። እዚህ ላይ የርቀትን ነገር እናስላ። ሞጣ ከባሕር ዳር መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ቢቸና ደግሞ ከዚያም ወዲያ ናት። እንዲህ ያለ ዝግጅት በኖረ ጊዜ ለባሕር ዳር ነዋሪ የቲኬቱ ዋጋ በቲኬቱ ላይ የተጻፈው ነው። ለቢቸና ወጣት ግን የደርሶ መልስ አውቶቡስ፣ የአንድ ሌሊት አልጋና የሁለት ቀን ሥራ ይጨመርበታል። አንድ ዋጋ ለሁሉ አንድ ዋጋ አይደለም።

ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ ቴሌብር መጥቶ ገንዘብ በስልክ መክፈል እየተለመደ ሲሄድ የመስኮቱ ሰልፍ ያጥራል ተብሎ ተስፋ ተደርጓል። ተስፋው ከንቱ አይደለም፤ መሣሪያው የቢቸናንና የአዲስ አበባን ገዢ በአንድ ሰዓት እኩል ሊያስገባ ይችላልና። ነገር ግን ዘመናዊ ስልክ የሌለው ሰው መስኮት እንኳ የለውም። ስልኩ «አልቋል» ሲል ደግሞ «ስንት ነበር?» ተብሎ የሚጠየቅ ፊት አይገኝም።

ስለሆነም አዘጋጆች ሁሉ፣ በተለይም በሕዝብ ስታዲየምና በሕዝብ አዳራሽ የሚጠቀሙት፣ ሦስት ነገር ቢያደርጉ ይገባል እላለሁ። የቦታውን ብዛት፣ ለሽያጭ የቀረበውንና ለእንግዳ የተያዘውን ቁጥር ከሽያጩ በፊት በአደባባይ ይለጥፉ። ከዚህም አንዱን ድርሻ ለገጠር ከተሞች ለይተው በዕጣ ያድሉ። እስከ መክፈቻው ሰዓት ባለቤቱ ያልመጣለትን የእንግዳ ወንበርም በደጅ ለቆመው ይልቀቁ። ይህ ዘፋኙን አያከስርም፤ አዘጋጁንም አያከስርም። የሚከስረው አጋፋሪው ብቻ ነው።

በመጨረሻ አንድ ነገር ልጨምር። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ሲወጣ፣ ታሪኩ በዲማ ጊዮርጊስ የሚፈጸም ቢሆንም፣ መጽሐፉን ገዝቶ የማንበብ ዕድል ያገኘ የዚያ አገር ገበሬ ጥቂት ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ሲተርከው ግን ሰው በየሬዲዮው ዙሪያ ተሰብስቦ የራሱን አገር ታሪክ በነጻ ሰማ። የላሊበላው ልማድ በሬዲዮ ተመለሰ፤ ኪነ ጥበብ እንደገና ወደ ሰው ደጅ ሄደ። እውነተኛው ፍትሕ ሰውን በሥርዓት ማሰለፍ ብቻ ሳይሆን አንዳንድ ጊዜ መድረኩን ተሸክሞ ሞጣና ቢቸና ድረስ መሄድም ነው። እስከዚያው ግን ቢያንስ ቁጥሩ ይነገረን። ግድግዳ ተደግፎ የሚሰማ ሰው የሚጠይቀው ብዙ አይደለም።